ልጁ በእጁ ሳይነካው መልሱን አትንገሩት

ባለፈው ሳምንት አንድ ወጣት መምህር ሲያስተምር ከኋላ ተቀምጬ አየሁት። ትምህርቱ ስለሚንሳፈፉና ስለሚሰምጡ ነገሮች ነው። ሳፋ፣ ሚስማር፣ ቡሽ፣ የእንጨት ቁራጭና ብርቱካን ይዞ መጥቷል፤ እንደተጨነቀበት ያስታውቃል። ከዚያ ጠመኔውን አነሣና «እንጨትና ቡሽ ይንሳፈፋሉ፤ ሚስማር ይሰምጣል» ብሎ ሰሌዳው ላይ ጻፈ። ልጆቹም አጎንብሰው ገለበጡ። ዕቃዎቹ ውሃው ውስጥ ሲገቡ ቀና ብሎ ያየ ልጅ በጣት የሚቆጠር ነበር። መልሱ ደብተሩ ላይ ካለ ሳፋውን ለምን ይይ?

ይህን ስህተት ባየሁ ቁጥር ያንገበግበኛል፤ የማየውም ደግሞ ምንም በማያዘጋጁት ሳይሆን በሚደክሙት መምህራን ዘንድ ነው። ሳፋውን ከቤት ተሸክማችሁ መጥታችሁ፣ ውሃውን ከቧንቧ ቀድታችሁ፣ ከደመወዛችሁ ብርቱካን ገዝታችሁ፣ በአንድ መስመር ጽሑፍ ሁሉንም ከንቱ ታደርጉታላችሁ። መጀመሪያ ጠይቁ። «ይህ ብርቱካን ይሰምጣል ወይስ ይንሳፈፋል?» ብላችሁ እጅ አስወጡ፤ 41 ይሰምጣል፣ 19 ይንሳፈፋል ካሉ ቁጥሩን ሰሌዳው ላይ አስፍሩት። ግምቱን የተናገረ ልጅ ነገሩ የራሱ ይሆናል፤ አንገቱን አስግጎ ያያል። ብርቱካኑ ይንሳፈፋል። አሁን ልጡትና መልሱት፤ አብዛኛውን ጊዜ ይሰምጣል። ክብደቱ ቀንሶ ሳለ ሰመጠ! «ከባድ ነገር ይሰምጣል፣ ቀላል ነገር ይንሳፈፋል» ብሎ የመጣው ልጅ በዚያች ቅጽበት ፊቱ ላይ የሚታየውን መገረም በቃል ማስረዳት አይቻልም። ልጣጩ በውስጡ አየር እንደያዘ ራሳቸው እስኪደርሱበት አምስት ደቂቃ ዝም በሉ። አስቸጋሪው ሥራ ይህ ዝምታ ነው።

ይህ ስህተት ታናሽ ወንድም አለው፤ ውጤቱ ከመጽሐፉ ጋር አልስማማ ሲል መሸፋፈን። አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ 6ኛ ክፍል ውሃ ፈልቶ ይንተከተካል፣ ቴርሞሜትሩ 92 ዲግሪ አካባቢ ቆሞ አልነቃነቅም አለ። መምህሯ «መሣሪያው ተበላሽቷል፤ 100 ብላችሁ ጻፉ» አሉ። ልጆቹ ያላዩትን ቁጥር ጻፉ። መሣሪያው ግን ደኅና ነበር። ውሃ በ100 ዲግሪ የሚፈላው በባሕር ጠለል ከፍታ ላይ ነው፤ ከተማችን ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ የአየሩ ግፊት አነስተኛ ነው፣ ውሃውም ቀድሞ ይፈላል። ደጋ ላይ ንፍሮ አልበስል እያለ የሚያስቸግረው በዚሁ ምክንያት ነው። በዚያች ቁጥር ውስጥ አንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ የሚያስተምር ነገር ነበር።

በእሳቸው ለመፍረድ አልችልም፤ እኔም አድርጌዋለሁ። ውሃ ያለበት ሰሐን ላይ ሻማ አቁመን፣ ብርጭቆ ደፍተንበት፣ ሻማው ሲጠፋ ውሃው ወደ ብርጭቆው ሲወጣ የምናሳየውን ሙከራ ታውቁታላችሁ። ለዓመታት «ሻማው ኦክስጅኑን ስለጨረሰው ውሃው ቦታውን ያዘ» እያልኩ አስተማርኩ። አንድ ቀን አንዲት ተማሪ ተነሥታ «መምህር፣ ውሃው እኮ የወጣው ሻማው ከጠፋ በኋላ ነው» አለች። «ተቀመጪ» አልኳት። ትክክል ነበረች። ነበልባሉ በብርጭቆው ውስጥ ያለውን አየር ያሞቀዋል፤ የሞቀው አየር ይሰፋና ከፊሉ በብርጭቆው ከንፈር ሥር አረፋ እየሠራ ይወጣል። ሻማው ሲጠፋ የቀረው አየር ቀዝቅዞ ይኮማተራል፣ የውጭው አየር ውሃውን ገፍቶ ያስገባዋል። በአንድ ሻማ ፈንታ ሦስት ብታቆሙ ውሃው ይበልጥ ከፍ ይላል፤ የኦክስጅኑ መጠን ግን ያው ነው። ያቺን ልጅ ይቅርታ ሳልጠይቃት ትምህርት ቤት ቀየረች፤ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ወደ ሒሳቡ ስንመጣ፣ ቆርኪና ስንጥር ለመቁጠሪያ ብቻ ማዋል ትልቅ ብክነት ነው። ከ32 ላይ 17 ቀንስ ስንለው «ከአስር ቤት ተበደር» እንላለን፤ አንድ የ2ኛ ክፍል ልጅ «ብድሩን መቼ ነው የምንመልሰው?» ብሎ ጠይቆኛል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ የተበደረ ነገር የለምና። ስንጥሮቹን አስር አስር እያደረጋችሁ በክር አሳስሯቸው፤ 32 ማለት ሦስት እስርና ሁለት ነጠላ ይሁን። ልጁ 7 ነጠላ ሊያወጣ ሲል ያለው ሁለት ብቻ ነው። ምን ያድርግ? አንዱን እስር ይፈታዋል። ክሩን በጥርሱ ሲፈታ፣ አስሩ ስንጥር ጠረጴዛው ላይ ሲበተን፣ 12 ነጠላ እንዳለው በዓይኑ ያያል። ክሩን እናንተ አትፍቱለት። ደግሞም ጎበዝ ሆኗል ብላችሁ ስንጥሩን በሁለት ቀን አትንጠቁት፤ ሲበቃው ራሱ ይተወዋል።

አንድ ሳህን ዕቃ ለአሥር ልጅ አትስጡ። ሁልጊዜ ቀልጣፋው ይዞት ዘጠኙ ይመለከታሉ፤ አራት ይሁኑ፣ ዕቃውን የሚይዘውም በየተራ ይለዋወጥ።

ልጆቹ በማስመሪያ ሲለኩ ከጫፉ ሳይሆን ከዜሮው መስመር እንደሚጀምሩ አንድ በአንድ እየዞራችሁ እዩ።

ክፍልፋይ ስታስተምሩ ወረቀቱን አጥፈው በመጋጠም እኩል መሆኑን ያረጋግጡ። «ትልቁ ግማሽ ለእኔ» የሚል ልጅ ግማሽ ምን እንደሆነ ገና አልገባውም፣ ቤት ውስጥ ዳቦ ሲካፈል የሰማው እንደዚያ ነውና አትቆጡት።

ባቄላ በጥጥ ላይ ስታበቅሉ ጥጡ ይርጠብ እንጂ ውሃ ውስጥ አይተኛ፤ አየር ያጣ ዘር ይበሰብሳል። ክክ አይበቅልም፣ ቆሎም አይበቅልም፤ ይህንንም ግን ከመናገር ይልቅ አንድ አንድ ፍሬ አብሮ ማስቀመጥ ይሻላል። ሙከራውን ሰኞ ጀምሩት። ዓርብ የጀመራችሁት እንደሆነ ቅዳሜና እሑድ የሚያረጥበው ሰው የለም፣ ሰኞ ጠዋት ልጆቹ እየሮጡ ሲመጡ የሚያገኙት ደረቅ ጥጥ ነው።