የጊዜ ጨዋታ ስትሠሩ ፍሬም አትቁጠሩ

በደብረ ማርቆስ ላሉ የማኅበራችን ልጆች በብራውዘር የሚጫወቱት ትንሽ የገና ጨዋታ ሠርቼ ነበር። ጥንጓ መስመሩ ላይ ስትደርስ ስክሪኑን መንካት ነው፤ ሌላ ሕግ የለውም። በእኔ ኮምፒውተር ደኅና ትሄድ የነበረችው ጥንግ በአንዱ ልጅ አዲስ ስልክ ላይ በእጥፍ ፈጥና በረረች። ምክንያቱን ለማግኘት ሁለት ምሽት ፈጀብኝ፦ በእያንዳንዱ ፍሬም፣ ማለትም ስክሪኑ ምስሉን ባደሰ ቁጥር፣ 5 ፒክስል (የስክሪን ነጥብ) አራምዳት ነበር። የእኔ ስክሪን በሰከንድ 60 ጊዜ ይታደሳል፤ የእርሱ 120 ጊዜ።

ስለዚህ ጊዜን ቁጠሩ። ብራውዘሩ ከእያንዳንዱ ፍሬም በፊት በጃቫስክሪፕት (የብራውዘር ፕሮግራም ቋንቋ) «ሪኩዌስት አኒሜሽን ፍሬም» ለሚጠራው ፋንክሽን (የኮድ ቁራጭ) ሰዓቱን በሚሊሰከንድ ያቀብለዋል፤ ካለፈው ጥሪ ያለውን ልዩነት በጥንጓ ፍጥነት አባዙትና ያን ያህል አራምዷት። ልዩነቱን ግን ከ50 ሚሊሰከንድ እንዳይበልጥ ገድቡት፤ አለበለዚያ ተጫዋቹ ስልክ ተደውሎለት ገጹን ትቶ ሲመለስ ጥንጓ ሜዳውን ዘልላ ትጠብቀዋለች።

ንክኪውን ጣት ስክሪኑን እንደነካ ብራውዘሩ በሚያሳውቅበት በ«ፖይንተር ዳውን» ተቀበሉ፤ «ክሊክ» ጣት እስኪነሣ ይጠብቃል። ውጤቱም እዚያው ስልኩ ላይ ይለካ። በኢንተርኔት በሚገኝ ሰርቨር (ማዕከላዊ ኮምፒውተር) ላይ ከተለካ ኔትወርክ የሚደክምበት የገጠር ልጅ እጁ ቀድሞ ሳለ ሁልጊዜ ዘግይቷል ይባላል፤ ይህ ደግሞ በደል ነው።