የእስክንድርያን ታሪክ በአንድ ቀን በእግር ለማየት

እስክንድርያ ደርሰው «ጥንታዊ ነገር የላትም» ብለው የሚመለሱ ጎብኚዎች ብዙ ናቸው። ችግሩ ጉብኝቱን ከባሕር ዳር መጀመራቸው ነው፤ እዚያ የሚታየው የ19ኛውና የ20ኛው ክፍለ ዘመን ከተማ ብቻ ነው። የጥንቷ ከተማ አብዛኛው ክፍል ከዚህ ከተማ ሥር ተቀብሯል፤ የነገሥታቱ ሰፈር ደግሞ መሬቱ ሰምጦ ባሕር ውስጥ ገብቷል። ስለዚህ ከደቡብ ጀምራችሁ ወደ ባሕሩ ውረዱ። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከመነሣታችሁ በፊት ካርታ ዘርጉ። እስክንድር ከተማዋን ከክርስቶስ ልደት በፊት በ331 ሲቆረቁር ፋሮስ ደሴት ነበረች። ከእሱ በኋላ ግብፅን በገዙት በፕቶለሚ ነገሥታት ዘመን ሰባት ስታድዮን፣ ማለትም 1.2 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝም የድንጋይ መሻገሪያ ከየብስ ጋር አገናኛት፤ ወደቡም ምሥራቅና ምዕራብ ተብሎ ለሁለት ተከፈለ። ከዚያ ወዲህ በመሻገሪያው ግራና ቀኝ ደለል ተከማቸ። ዛሬ ከመንሺያ አደባባይ ወደ አንፉሺ ስትሄዱ የምትረግጡት፣ ቤት የሞላበት ምድር የተፈጠረው በዚያ ደለል ነው። ይህን ሳይረዱ መዞር ትርፉ ድካም ነው።

ከካይሮ ረምሲስ ጣቢያ ፈጣኑ ባቡር ሁለት ሰዓት ተኩል እስከ ሦስት ሰዓት ይፈጃል። ሲዲ ጋብር ላይ አትውረዱ፤ የእናንተ መውረጃ መጨረሻው፣ መስር ጣቢያ ነው። የውጭ ዜጋን በባንክ ካርድ ብቻ የሚያስተናግዱ የቅርስ ቦታዎች ስላሉ ካርድም ጥሬ ገንዘብም ያዙ። ከጣቢያው በታክሲ ወደ ካርሙዝ ሰፈር ሂዱ፤ በእኛ አቆጣጠር ከጧቱ 3 ሰዓት ላይ እዚያ ብትገኙ ጥሩ ነው።

ካርሙዝ ላይ 27 ሜትር ገደማ የሚቆም የአስዋን ቀይ ግራናይት ዓምድ አለ፤ ግንዱ ብቻ ከ20 ሜትር የሚበልጥ አንድ ወጥ ድንጋይ ነው። «የፖምፔ ዓምድ» ይባላል እንጂ ከሮማዊው የጦር መሪ ከፖምፔ ጋር የሚያገናኘው የለም። በምዕራብ በኩል ግርጌውን እዩ፤ የደበዘዘው የግሪክ ጽሑፍ የማይሸነፈውን የሮም ንጉሥ፣ የከተማዋን ጠባቂ አምላክ ዲዮቅልጥያኖስን ያወድሳል። ስንክሳር ሲነበብ ለሰማ ሰው ይህ ስም እንግዳ አይደለም፤ ዓመተ ሰማዕታት የሚቆጠረው እሱ ከነገሠበት ከ284 ጀምሮ ነው። ዓምዱ የቆመበት ቅጥር ሴራፒስ የሚባለው የግሪክና የግብፅ አምላክ ቤተ መቅደስ ነበር፤ በ391 ገደማ ፈረሰ።

ከዚያ የአሥር ደቂቃ መንገድ ሄዳችሁ ኮም ኤል ሹቃፋ ግቡ። በ1900 አህያ ጉድጓድ ውስጥ ስትገባ የተገኘ የሁለተኛው ክፍለ ዘመን የምድር ውስጥ መቃብር ነው ይባላል። 99 ደረጃዎች ስላሉት ጉልበት የሚያማችሁ በእርጋታ ውረዱ፤ እርጥበት ስላለው ሶሉ የማያንሸራትት ጫማ አድርጉ። ዋናው ክፍል በር ላይ አትቸኩሉ። ሁለቱ እባቦች የግብፅን ድርብ ዘውድ ደፍተው የግሪክ አማልክትን በትር ይዘዋል፤ ከላያቸው ፀጉሯ እባብ የሆነው የግሪክ ተረት ፍጡር፣ የሜዱሳ ጋሻ አለ። ወደ ውስጥ ገብታችሁ ዞር ስትሉ ደግሞ የውሻ ራስ ያለው የግብፅ የሙታን አምላክ አኑቢስ የሮም ወታደር ጥሩር ለብሶ ታገኙታላችሁ። እስክንድርያ ምን ዓይነት ከተማ እንደነበረች ከዚህ በር የተሻለ የሚያሳይ ቦታ የለም።

ወደ ጣቢያው ተመለሱ፤ ኮም ኤል ዲካ እዚያው አጠገብ ነው። ሰው ሁሉ የእብነ በረዱን ቴአትር ፎቶ አንሥቶ ይወጣል። እናንተ ግን ከጎኑ የተደረደሩትን 20 ያህል አዳራሾች እዩ፤ በፈረስ ኮቴ ቅርጽ የተሠራ መቀመጫና ከፍ ያለ የመምህር ወንበር ያላቸው የአምስተኛው እስከ ሰባተኛው ክፍለ ዘመን መማሪያ ክፍሎች ናቸው። የወፎቹ ሞዛይክ ያለበት ቤት የተለየ ትኬት ሊፈልግ ስለሚችል መግቢያው ላይ ጠይቁ። ከዚያ በፉአድ ጎዳና ተራመዱ፤ የጥንቱን የካኖፕ አውራ ጎዳና መስመር የሚከተል ነው። በ2023 እንደገና የተከፈተው የግሪክና ሮማ ሙዚየምም በአቅራቢያው አለ።

ወደ ራምል ስትወርዱ የቅዱስ ማርቆስ ካቴድራል አለላችሁ። ሕንፃው የ20ኛው ክፍለ ዘመን ነው፤ መንበሩ ግን ባሕረ ሐሳብን እንደደረሰ የሚነገርለት የድሜጥሮስ፣ አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃንንም ጳጳስ አድርጎ ወደ አክሱም የላከው የአትናቴዎስ መንበር ነው። አባ ባስልዮስ በ1951 ሊቀ ጳጳስ እስኪሆኑ ድረስ የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን መሪዎች በአብዛኛው ግብፃውያን ነበሩ።

ከራምል እስከ ቃይትባይ ምሽግ በባሕሩ ዳር አንድ ሰዓት ገደማ ያስኬዳል። በስተቀኛችሁ ያለው የምሥራቁ ወደብ ነው፤ የነገሥታቱ ሰፈር ያለው ከውሃው በታች ነው። ምሽጉ በ1470ዎቹ መጨረሻ የተሠራው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ280 ገደማ ተሠርቶ በመሬት መንቀጥቀጥ፣ በተለይም በ1303ቱ፣ በፈረሰው፣ ለመርከቦች በሚያበራው የፋሮስ የመብራት ማማ ቦታ ላይ ነው። ግንቡ ውስጥ የገቡት ቀይ ግራናይቶች ከማማው ፍርስራሽ የተወሰዱ ሳይሆኑ አይቀሩም። ከቀኑ 9 ሰዓት በፊት ግቡ። በክረምታቸው፣ ከኅዳር እስከ መጋቢት፣ «ነዋ» የሚሉት ማዕበል ሲነሣ ውሃው መንገዱ ላይ ስለሚወጣ ምሽጉን ለሌላ ቀን አቆዩት።