የኡቡንቱ ስክሪን ከማሻሻያ በኋላ ሲጨልም፦ ችግርና መፍትሄ

የኤንቪዲያ ግራፊክስ ካርድ ባለው ኮምፒውተር ላይ ኡቡንቱን (ከሊኑክስ ሲስተሞች አንዱን) አሻሽላችሁ ስታስነሱት ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ቢቀር፣ ሲስተሙን ደምስሳችሁ እንደገና ለመጫን አትቸኩሉ። ብዙ ሰው ሰነዱን የሚያጣው ከብልሽቱ ይልቅ በዚህ ችኮላ ነው። ሊኑክስ ላይ ምስሉን የሚያወጣው ክፍል ከሥሩ ካለው ሲስተም የተለየ ስለሆነ፣ እሱ ቢወድቅም ሌላው አብዛኛውን ጊዜ ሥራውን አላቆመም።

መጀመሪያ ኮንትሮልና ኦልትን ይዛችሁ ኤፍ3ን ተጫኑ። የተጠቃሚ ስም የሚጠይቅ ጽሑፍ ከመጣ ግቡ። የይለፍ ቃሉን ስትጽፉ በስክሪኑ ላይ ኮከብ እንኳ አይታይም፤ ጽፋችሁ ኢንተርን መጫን ብቻ ነው። ከዚህ በታች ያሉት ትእዛዞች በፊደላችን ቢጻፉም የሚተየቡት በላቲን ትንንሽ ፊደላት ነው።

ጽሑፉም ካልመጣ ኮምፒውተሩን አጥፍታችሁ አስነሱትና የአምራቹ አርማ እንዳለፈ ኢስኬፕን፣ በቆዩት ማሽኖች ደግሞ ሺፍትን ተጫኑ። ግሩብ የሚባለው የማስነሻ ፕሮግራም ዝርዝር ሲከፈት «አድቫንስድ ኦፕሽንስ» ውስጥ ገብታችሁ የቀድሞውን ከርነል፣ ማለትም የሲስተሙን እምብርት፣ ምረጡ።

ምልክት፦ በቀድሞው ከርነል ይነሳል፣ በአዲሱ ይጨልማል።
ከሁሉም የሚያጋጥመው ይህ ነው። የኤንቪዲያ ድራይቨር፣ ማለትም ካርዱን የሚያሠራው ፕሮግራም፣ ለእያንዳንዱ ከርነል ለብቻው መዘጋጀት አለበት፤ ለዚህ ዝግጅት የሚያስፈልጉት የከርነሉ ሄደር ፋይሎች ከሌሉ ዝግጅቱ ይከሽፋል። «ሱዶ አፕት ኢንስቶል ሊኑክስ-ሄደርስ-ጀነሪክ» ብላችሁ ከጫናችሁ በኋላ «ሱዶ ኡቡንቱ-ድራይቨርስ ኢንስቶል» በሉ። ድራይቨሩ ተጭኖም የማይሠራ ከሆነ ሴኪዩር ቡትን፣ ማለትም ሲነሳ ያልታመነ ፕሮግራም እንዳይገባ የሚከለክለውን ጥበቃ፣ ጠርጥሩ። በጭነቱ ወቅት የይለፍ ቃል አስመርጧችሁ፣ ኮምፒውተሩ ሲነሳ የመጣውን ሰማያዊ ገጽ ሳታዩት አልፋችሁት ይሆናል። በዚያ ገጽ «ኤንሮል ሞክ» (የድራይቨሩን የፊርማ ቁልፍ መመዝገቢያ) ተመርጦ ቃሉ ካልገባ ከርነሉ ድራይቨሩን አይቀበልም። «ሱዶ አፕዴት-ሴኪዩርቡት-ፖሊሲ --ኤንሮል-ኪ» ብላችሁ መልሳችሁ ማስመዝገብ ትችላላችሁ።

ካርዱ የቆየ ከሆነ ግን ትልቁን የድራይቨር ቁጥር መምረጥ ራሱ ስህተት ነው። ኬፕለር የሚባለው ትውልድ ከ470 በኋላ በወጡት ድራይቨሮች አይሠራም፤ የፌርሚ ደግሞ 390 ላይ ቆሟል።

ምልክት፦ ማሻሻያው ሳያልቅ መብራት ጠፋ።
ፓኬጆቹ፣ ማለትም የሚጫኑት የፕሮግራም ጥቅሎች፣ ግማሽ መንገድ ላይ ቀርተዋል። በ«ዲኤፍ -ኤች» ቦታ መኖሩን እዩ፤ ቡት የሚባለው ክፍልፋይ መቶ በመቶ ከሞላ የማያስፈልጉትን አሮጌ ከርነሎች አስወግዱ። ከዚያ «ሱዶ ዲፒኬጂ --ኮንፊገር -ኤ»፣ ቀጥሎም «ሱዶ አፕት --ፊክስ-ብሮክን ኢንስቶል»። ቅደም ተከተሉን ጠብቁ።

ምልክት፦ የይለፍ ቃሉን ይቀበልና መልሶ ወደ መግቢያው ገጽ ይወረውራል።
ዲስኩ ሞልቶ እንደሆነ እዩ። የኡቡንቱ ዘመዶች በሆኑት በዙቡንቱና በሊኑክስ ሚንት ላይ ደግሞ በቤት ማህደራችሁ (የግል ፋይሎቻችሁ በሚቀመጡበት) ውስጥ ያለው፣ ስሙ በነጥብ የሚጀምር «ኤክስኦቶሪቲ» የተባለ ፋይል ባለቤትነት ወደ ሩት (ወደ ሲስተሙ ዋና አስተዳዳሪ) ተዛውሮ ሊሆን ይችላል። ስሙን ቀይሩት፤ ስትገቡ አዲስ ይፈጠራል።

ምልክት፦ የትኛውም ከርነል ምስል አያወጣም።
ግሩብ ላይ እንዳላችሁ ኢ የሚለውን ፊደል ተጫኑ፣ «ሊኑክስ» ብሎ በሚጀምረው መስመር መጨረሻ ክፍተት ትታችሁ «ኖሞድሴት» ጨምሩና ኤፍ10ን ተጫኑ። ምስሉ ደብዛዛና ዘገምተኛ ይሆናል፤ ለጥገናው ግን ይበቃል። ለውጡ ለዚያ አነሳስ ብቻ ስለሚያገለግል ያለ ስጋት ሞክሩት።

ይህ ሁሉ ካልሠራ እንደገና መጫን ይቻላል፤ አስቀድማችሁ ግን ኡቡንቱን ከፍላሽ አስነስታችሁ «ትራይ» የሚለውን ምረጡ፣ የውስጡን ዲስክ ከፍታችሁ የቤት ማህደሩን ወደ ውጭ ዲስክ ገልብጡ። ዲስኩ የተመሰጠረ ከሆነ መክፈቻ ቃሉን ይጠይቃችኋል። የተገለበጡትን ፋይሎች አንድ ሁለቱን ከፍታችሁ ሳታዩ የመጫኛውን ቁልፍ አትንኩ።