የድሮ መጽሔቶችን እንዴት መሰብሰብና መመዝገብ ይቻላል?

መጀመሪያ ምን እንደምትሰበስቡ ወስኑ። «ያገኘሁትን ሁሉ» የሚል ሰው ብዙም ሳይቆይ ቤቱን መጋዘን ያደርገዋል። አንድ የመጽሔት ስም ያዙ፤ መነን፣ የካቲት ወይም ጦቢያ። አለዚያ አንድ ዘመን ምረጡ፤ ለምሳሌ በ1985 የፕሬስ አዋጁ ከወጣ በኋላ እንደ አሸን የፈሉትን የግል መጽሔቶች። ከእነዚህ ብዙዎቹ ጥቂት እትም አውጥተው የቆሙ ስለሆኑ ለጀማሪ ይመቻሉ።

አዲስ አበባ ላይ የአሮጌ መጻሕፍት ነጋዴዎችን ጠይቁ። ቆራሌው የሚሰበስበውንና ለመጠቅለያ በኪሎ የሚሸጠውን ወረቀትም አትናቁ።

ሳትከፍሉ በፊት ገጽ ቁጠሩ። መሐሉን በሽቦ የተሰፋ መጽሔት የገጹ ብዛት ሽፋኑን ጨምሮ ለ4 መካፈል አለበት፤ ካልተካፈለ ቅጠል ወድቋል ማለት ነው። 32 የውስጥ ገጽ ባለው መጽሔት ገጽ 5 እና 6 ከሌሉ 27 እና 28ን ነካ አድርጋችሁ እዩ፤ አንድ ወረቀት ላይ የታተሙ ስለሆኑ እነሱም ለመውደቅ ተቃርበዋል። የመሐሉን ገጽ በተለይ ተመልከቱ። የዘፋኝ ወይም የኳስ ተጫዋች ፎቶ ከነበረበት የሆነ ሰው ግድግዳ ላይ ቀርቷል።

ቤት ሲገባ አቧራውን በለስላሳ ብሩሽ ከመሐል ወደ ጠርዝ ጥረጉ። የዛገ ሽቦ ወረቀቱን ስለሚበላው መውጣት አለበት፤ ግን አትሳቡት። መጽሔቱን መሐሉ ላይ ክፈቱ፣ የታጠፉትን ሁለት እግሮች በደነዘ ቢላ ጫፍ ቀጥ አድርጉ፣ ከዚያ በጀርባው በኩል ቀስ ብላችሁ አውጡት። በዚያው ቀዳዳ በጥጥ ክር መስፋት ይበቃል። የተቀደደ ገጽ ላይ ስኮች አትለጥፉ፤ ማስቲሹ ወረቀቱ ውስጥ ይሰርግና ቢጫ ሆኖ ይቀራል። ብል ወይም ሌላ ነፍሳት ካለበት በፕላስቲክ አሽጋችሁ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ በሚደርስ ፍሪዘር ሁለት ሳምንት አቆዩት። ሲወጣ እሽጉ ሳይከፈት አንድ ቀን ይዋል፤ አለዚያ ጤዛ ይይዘዋል። የሻገተውን ከሌሎቹ ለዩ፤ ማስክ አድርጋችሁ ውጭ ላይ በደንብ ከደረቀ በኋላ ብቻ ጥረጉት።

ጥራዝ ቤት ወስዶ በደረቅ ሽፋን ማስጠረዝ ያምራል፤ ባይሆን ይሻላል። ጠራዡ ጠርዙን ያስተካክላል ተብሎ የገጽ ቁጥር ይቆርጣል፣ የፊት ሽፋንና ማስታወቂያም ብዙ ጊዜ ይጣላል። የዘመኑን ዋጋና ፋሽን የምናየው ደግሞ ማስታወቂያው ላይ ነው።

ትልቁ ጣጣ ምዝገባው ነው። ኤክሴል ይበቃል፤ ለዚህ ተብሎ ሶፍትዌር መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው። ዓምዶቹ፦ መለያ ቁጥር፣ ስም፣ ቋንቋ፣ ቅጽ፣ ቁጥር፣ ዓመት፣ ወር፣ ቀን፣ የገጽ ብዛት፣ ይዞታ (ምን ያህል እንደተጎዳ)፣ የተገኘበት ቦታና ዋጋ። ቋንቋውን አትዝለሉ፤ መነንም የካቲትም በእንግሊዝኛም ይወጡ ነበር።

ቀኑን ባንድ ዓምድ 1985-02-30 ብላችሁ ብትጽፉ ኤክሴል ሁለተኛውን ወር ፌብሩዋሪ ነው ብሎ ይወስደዋል። ጥቅምት 30 ለእሱ የሌለ ቀን ነው። ጳጉሜንም 13ኛ ወር ስለሆነች አያውቃትም። አንዳንዱ እንደ ቀን፣ አንዳንዱ እንደ ጽሑፍ ይቀመጥና ቅደም ተከተሉ ይዘበራረቃል። ስለዚህ ዓመት፣ ወርና ቀን በየራሳቸው ዓምድ ይግቡ። ወሩ በስም ሳይሆን ከ01 እስከ 13 በቁጥር ይጻፍ፤ በስም ከሆነ በፊደል ተራ ሐምሌ ከመስከረም ይቀድማል። የፈረንጁን ዓመት ከፈለጋችሁ በሌላ ዓምድ አስቀምጡ፦ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ድረስ 7፣ ከዚያ በኋላ 8 ይደመራል። መስከረም 1 በሴፕቴምበር 12 በሚውልበት ዓመት ድንበሩ ታኅሣሥ 21 ይሆናል።

ቅጽና ቁጥሩን እንደታተመ ገልብጡ፤ ስሕተት ቢሆንም አታርሙ፣ ማስታወሻ ጻፉ። «ቁጥር 4-5» የሚል ጥምር እትም አንድ መዝገብ ነው፤ 5 ጠፋ ብላችሁ ስትፈልጉ እንዳትከርሙ። በግዕዝ አኃዝ የተጻፈ ከሆነ ደብዝዞ ፮ እና ፯ እንዳይምታቱ በአጉሊ መነጽር እዩ። ሽፋኑ የጠፋውን ደግሞ ርዕሰ አንቀጹ፣ የአዘጋጆቹ ስም ዝርዝርና «ይቀጥላል» የሚለው ተከታታይ ታሪክ ያጋልጡታል፤ ያለፈው ክፍል በየትኛው እትም እንደወጣ ካወቃችሁ ቦታው ተገኘ።

ፊደልም አለ። ሽፋኑ ላይ «ጸሐይ» ያለውን «ፀሀይ» ብሎ የሚፈልግ አያገኘውም። ስለዚህ አንዱ ዓምድ እንደታተመው፣ ሌላው ሞክሼዎቹ ወደ አንድ ፊደል ተጠቃለው (ሐና ኀ ወደ ሀ፣ ሠ ወደ ሰ፣ ዐ ወደ አ፣ ፀ ወደ ጸ) ይሁን።

መለያ ቁጥሩን በ2ቢ እርሳስ ከኋላ ሽፋን ውስጥ ሳትጫኑ ጻፉ፤ እስክሪብቶ አይነካም። መጽሔቶቹ በጀርባቸው ተኝተው፣ ከ15 ያልበለጡ ባንድ ካርቶን፣ ከወለል ከፍ ብለው ይቀመጡ፤ በክረምት እርጥበቱ ከሲሚንቶው ይነሳል።

የጎደሉትን ዝርዝር ከወመዘክር (ከብሔራዊው ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት) ወይም ስድስት ኪሎ ካለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍት ካታሎግ ጋር አስተያዩና ስልካችሁ ላይ ያዙ። ድርብ የሆነባችሁን በርካሽ አትሽጡት፤ ነጋዴው ከብር ይልቅ ለቅያሪ ቶሎ እሺ ይላል።