የኮኮናት ዘይትንና ሌሎች ቅባቶችን እንዴት መርጦና ለክቶ መጠቀም እንደሚቻል

ከኮኮናት ዘይት ከ80 በመቶ በላይ የሚሆነው ሳቹሬትድ ቅባት ነው፤ ይህ በአብዛኛው በክፍል ሙቀት የሚረጋና ሲበዛ መጥፎ ኮሌስትሮልን ከፍ የሚያደርግ የቅባት ዓይነት ነው። በቅቤ ውስጥ ይህ ድርሻ የክብደቱ ግማሽ ያህል ሲሆን፣ በወይራ ዘይት ወደ 14 በመቶ፣ በሱፍ ዘይት ደግሞ ወደ 10 በመቶ ገደማ ይወርዳል። ዘይቱ ከዕፅዋት የተገኘ ስለሆነ ብቻ ለልብ ይስማማል ብሎ የሚያስብ ሰው ከሁሉ በፊት እነዚህን አራት ቁጥሮች ሊያውቅ ይገባዋል። እኔ ያወቅኋቸው ለስድስት ወር ያህል በየጠዋቱ የኮኮናት ዘይት በትኩስ መጠጥ እየጨመርሁ ስጠጣ ቆይቼ፣ የደም ምርመራ ውጤቴ መጥፎ ኮሌስትሮል የሚባለው ኤልዲኤል ከፍ ማለቱን ካሳየኝ በኋላ ነው።

1. በዕቃው ጀርባ ያለውን የይዘት ሠንጠረዥ ያንብቡ። የሚፈልጉት «ሳቹሬትድ» የሚለውን መስመር ነው። ፊት ለፊት በትልቁ የተጻፈው «ኮሌስትሮል የለውም» የሚለው ቃል አያታልልዎ፤ ኮሌስትሮልን በብዛት የሚሠራው የገዛ ጉበታችን ነው፣ ሳቹሬትድ ቅባት ሲበዛም ጉበት ኤልዲኤልን ከደም ውስጥ የማንሣት አቅሙ ይቀንሳል። በከፊል ሃይድሮጂን የተጨመረበት ዘይት መኖሩ ከተጻፈ ትራንስ ፋት የሚባለው ለልብ ጎጂ የሆነ ቅባት አለው ማለት ስለሆነ ዕቃውን ወደ ቦታው ይመልሱ።

2. የቀኑን ጣሪያ ያስሉ። የዓለም ጤና ድርጅት ሳቹሬትድ ቅባት ከዕለቱ ኃይል ከ10 በመቶ እንዳይበልጥ ይመክራል። በቀን 2,000 ኪሎ ካሎሪ ለሚመገብ ሰው ይህ 200 ኪሎ ካሎሪ ነው፤ አንድ ግራም ቅባት 9 ኪሎ ካሎሪ ስለሚሰጥ ጣሪያው 22 ግራም ገደማ ይሆናል። ከሥጋ፣ ከወተትና ከብስኩት የሚገኘውም በዚሁ ውስጥ ይቆጠራል።

3. የሚጠቀሙበትን መጠን በሚዛን ይለኩ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ የእኔም ስሕተት የተጀመረው ከዚህ ነበር። ሠንጠረዡ አንድ የሾርባ ማንኪያን 14 ግራም አድርጎ ይቆጥራል፤ በዚህ ስሌት ከኮኮናት ዘይት 12 ግራም ያህል ሳቹሬትድ ቅባት ይገኛል፣ ይህም ከቀኑ ጣሪያ ከግማሽ በላይ ነው። ይሁን እንጂ የኮኮናት ዘይት ከ24 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ስለሚረጋ፣ ከዕቃው ሲወጣ በማንኪያው ላይ ተቆልሎ ይነሣል። የራሴን «አንድ ማንኪያ» በወጥ ቤት ሚዛን ላይ ሳስቀምጠው 23 ግራም መዘነ። በቀን 12 ግራም እየወሰድሁ መስሎኝ፣ ገና ቁርስ ሳልበላ 19 ግራም ያህል ሳቹሬትድ ቅባት እጠጣ ነበር።

ስለዚህ ማንኪያውን አትመኑ እላለሁ። ባዶ ሳህን ሚዛን ላይ አድርገው ወደ ዜሮ ይመልሱ፣ ከዚያም እንደ ልማድዎ ይቅዱ። ፈሳሽ ዘይት ሲሆን ከጠርሙሱ በቀጥታ ወደ ድስት ከማፍሰስ ይልቅ ጠርሙሱን ከማብሰልዎ በፊትና በኋላ መመዘን ይቀላል፤ ልዩነቱ የተጠቀሙበት መጠን ነው። ለሦስት ቀን እንዲህ ካደረጉ የእጅዎን ልማድ በግራም ያውቁታል። ለዚህ ሥራ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም፤ ቅባትን እንቆጥራለን የሚሉት የስልክ መተግበሪያዎችም እርስዎ የሚሰጧቸውን ግምት መልሰው ከመደመር አያልፉም።

4. አዲስ ቅባት አይጨምሩ፤ ይተኩ። ቅቤን ወይም የኮኮናት ዘይትን በሱፍ፣ በአኩሪ አተር ወይም በወይራ ዘይት መተካት ኤልዲኤልን ይቀንሳል። በአንጻሩ ቅባቱን ትቶ በምትኩ ስኳርና ነጭ ዱቄት ማብዛት ለልብ የሚያስገኘው ጥቅም የለም።

«የኮኮናት ዘይት ጥሩውን ኮሌስትሮልም ይጨምራል» የሚለውን መከራከሪያ እኔም ይዤው ቆይቻለሁ። ኤችዲኤልን ከፍ ማድረጉ እውነት ነው፤ ነገር ግን ኤልዲኤልንም አብሮ ከፍ ያደርጋል፣ የኤችዲኤል መጨመር ብቻውን የልብ ሕመምን እንደሚከላከልም አልተረጋገጠም። ኤምሲቲ ከሚባለው፣ መካከለኛ ሰንሰለት ካላቸውና በቀጥታ ወደ ጉበት ከሚሄዱ ቅባቶች ከሚዘጋጀው ዘይት ጋር አንድ አድርጎ ማየቱም ትክክል አይደለም፤ የኮኮናት ዘይትን ግማሽ ያህል የሚይዘው ሎሪክ አሲድ በሰውነት ውስጥ በአብዛኛው እንደ ረጅም ሰንሰለት ቅባቶች ነው የሚጓዘው። መዓዛውን ለሚወድ ሰው አልፎ አልፎ ለማጣፈጫ መጠቀሙን አልቃወምም፤ የምቃወመው እንደ መድኃኒት በየቀኑ መውሰዱን ነው።

5. በሚያበስሉበት ጊዜ ዘይቱ እንዳይጨስ እሳቱን ይቀንሱ።

6. ከሁለት ወይም ከሦስት ወር በኋላ የደም ቅባት ምርመራ ያድርጉ። የኮሌስትሮል መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ግን በአመጋገብ ለውጥ ተማምነው መድኃኒቱን እንዳያቋርጡ፤ የቀድሞውንና የአሁኑን ውጤት፣ የሦስት ቀኑን የግራም መዝገብም ጭምር ይዘው ሐኪምዎን ያነጋግሩ።