የጣና ዓሣ መዝገብ በኤክሴል፦ ቆጠራው ሲዛባና ፋይሉ ሲበላሽ

ከባሕር ዳር፣ ከዘጌ፣ ከደቅ፣ ከቁንዝላ፣ ከደልጊና ከጎርጎራ የሚመጣውን የዓሣ መዝገብ ኤክሴል ላይ አስገብቶ «የትኛው ዓሣ፣ የት ወረደ፣ በምን ተያዘ፣ ይህስ ጥምረት ስንት ጊዜ ተደጋገመ?» ብሎ መቁጠር በፒቮት ቴብል (ረድፎችን በየዓይነታቸው ሰብስቦ በሚቆጥረው የኤክሴል ክፍል) የደቂቃዎች ሥራ ነው። ውጤቱ ከተዛባ ጥፋቱ የቆጠራው አይደለም፤ ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ ችግሩ ያለው ቆጠራው ከመጀመሩ በፊት በገባው ጽሑፍ ወይም ካለቀ በኋላ በተቀመጠው ፋይል ላይ ነው።

መላ ከመፈለጋችሁ በፊት ሁለት ቁጥሮች ያዙ። አንደኛው የጥምረቶቹ ጣሪያ ነው፦ 6 ማውረጃ (ዓሣው ከጀልባ የሚወርድበት ቦታ)፣ 4 ዓሣ (ቀረሶ፣ አምባዛ፣ ነጭ ዓሣ፣ ቤዞ) እና 2 መሣሪያ (መረብ፣ መንጠቆ) ካላችሁ ከ48 በላይ ጥምረት ሊኖር አይችልም። ሁለተኛው የመዝገቡ ረድፎች ብዛት ነው። ጥምረቱ ከጣሪያው ካለፈ አንዱ ስም ለሁለት ተሰንጥቋል። የቆጠራው ድምር ከረድፎቹ ካነሰ ደግሞ ያልተቆጠረ ረድፍ አለ።

ምልክት፦ ጥምረቱ ከሚገባው በላይ በዛ፤ አንዱ ስም ሁለት ሦስት ቦታ ይታያል

ዋናው ምክንያት ፊደል ነው። ለእኛ ጆሮ አንድ የሆኑት ሀ፣ ሐ እና ኀ፣ ሰና ሠ፣ አና ዐ፣ ጸና ፀ ለኮምፒውተሩ ፍጹም የተለያዩ ናቸው። «ነጭ ዓሣ»ን እዩት፦ የመጀመሪያው ፊደል አ፣ ኣ፣ ዐ ወይም ዓ፣ ሁለተኛው ሳ ወይም ሣ ሊሆን ይችላል። ይህ ብቻ 8 አጻጻፍ ነው፤ ሁለቱን ቃል ገጥሞ «ነጭዓሣ» የሚጽፍ ሲጨመርበት 16 ይሆናል። ባሕር ዳርም እንዲሁ «ባህር ዳር»፣ «ባሕርዳር»፣ በሁለት ነጥብ «ባሕር፡ዳር» እየተባለ ይገባል። ዝርዝሩን በፊደል ተራ አስተካክሎ በዓይን መልቀምም ብዙ አይረዳም፤ በኮምፒውተሩ ተራ አ እና ዐ ስለሚራራቁ ተመሳሳዮቹ ጎን ለጎን አይወድቁም።

ብዙዎች የሚሞክሩት በኮንትሮልና ኤች ሠን በሰ፣ ሐን በሀ መተካት ነው። አይመከርም። ሐ፣ ኀ፣ ሠ፣ ዐ እና ፀ እያንዳንዳቸው 7 ቅርጽ ስላላቸው 35 ጊዜ መተካት ይጠይቃል፤ ያም ሆኖ አ እና ኣ፣ ቀረሶ እና ቆረሶ ያመልጣሉ። የሚያዋጣው የማቃኛ ሰንጠረዥ ነው፦

1. የዓሣውን ዓምድ ወደ አዲስ ሺት ገልብጡና ከዳታ ምናሌ ሪሙቭ ዱፕሊኬትስን ተጫኑ። የቀረው ዝርዝር መዝገቡ ውስጥ ያለው አጻጻፍ ሁሉ ነው።
2. ከጎኑ ባለው ዓምድ ለእያንዳንዱ ትክክለኛውን አንድ አጻጻፍ ጻፉ።
3. በዋናው መዝገብ አዲስ ዓምድ ከፍታችሁ በቪሉክአፕ (ቃሉን ሰንጠረዡ ውስጥ ፈልጎ ከጎኑ ያለውን በሚያመጣው ቀመር) ትክክለኛውን ስም አምጡ። የመጨረሻውን ቦታ 0 አድርጉት፤ ጨርሶ ካልጻፋችሁት «የሚቀርበውን» ስም አምጥቶ ሳታውቁት ያሳስታችኋል።
4. ፒቮቱን ከአዲሱ ዓምድ ሥሩ። ማውረጃውንና መሣሪያውንም እንደዚሁ አቃኑ።

በሚቀጥለው ወር ያልታየ አጻጻፍ ቢመጣ ቪሉክአፑ ስህተት ያሳያል። ያንን ስህተት በኢፍኤረር (ስህተትን በሌላ ነገር በሚተካው ቀመር) አትደብቁት፤ ሰንጠረዡ ላይ ምን እንደሚጨመር የሚነግራችሁ እሱ ነው።

አንድ ነገር ግን ለኮምፒውተር አይተውም። «ነጭ ዓሣ» በጣና ቢያንስ 15 የሚሆኑ የተለያዩ ዝርያዎች የሚጠሩበት የወል ስም ነው። መዝጋቢው ዝርያውን ለይቶ ጽፎ ከሆነ ወደ አንድ ማጠፍ መረጃ ማጥፋት ነው፤ የትኛው ከየትኛው ይዋሃድ የሚለውን የሚወስነው ዓሣውን የሚያውቅ ሰው ይሁን።

ፊደሉ አንድ ሆኖ ስሙ አሁንም ከተሰነጠቀ ከጀርባው ባዶ ቦታ አለ። ትሪም የሚባለው ቀመር የተለመደውን ባዶ ቦታ ያጸዳል፤ ከድረ ገጽ ተቀድቶ የሚመጣውን ቁጥር 160 የተባለውን ግን አይነካም። እሱን በሰብስቲትዩትና በዩኒካር 160 ቀመሮች ወደ ተራ ባዶ ቦታ ለውጡና ከዚያ ትሪም አድርጉ።

ምልክት፦ ድምሩ ከረድፎቹ ብዛት ያንሳል

ባዶ ሴል ነው። ፒቮቱ ቫሊዩስ ውስጥ ያስገባችሁት ዓምድ ባዶ ሴሎች ካሉት ካውንት እነሱን አይቆጥርም። ስለዚህ ሁልጊዜ የተሞላ ዓምድ፣ ለምሳሌ ተራ ቁጥሩን፣ አስገቡ። ካውንትኢፍስ (በመስፈርት የሚቆጥረው ቀመር) ደግሞ መስፈርቱ ባዶ ሴል ከሆነ እንደ 0 ስለሚያየው መሣሪያው ያልተጻፈበትን ጥምረት «0 ጊዜ» ይላችኋል። ባዶውን «ያልተመዘገበ» በሚል ሙሉት።

ባዶው የመጣው ሴሎች ተዋህደው ከሆነ (ማውረጃው አንዴ ተጽፎ 20 ረድፍ ወደ ታች ሲዘረጋ) ስሙ ያለው የመጀመሪያው ላይ ብቻ ነው። ውህደቱን ፍቱ፤ ዓምዱን መርጣችሁ ኤፍ5፣ ስፔሻል፣ ብላንክስ በሉ። የእኩል ምልክት ጽፋችሁ የላይ ቀስቱን ተጫኑና በኮንትሮልና ኢንተር ጨርሱ። ከዚያ ቀመሩን በፔስት ቫሊዩስ ወደ ጽሑፍ ቀይሩት።

አዲስ የገቡት ረድፎች ብቻ ከጎደሉ መዝገቡን በኮንትሮልና ቲ ቴብል አድርጉት፤ ፒቮቱን ከዚያ ሥሩና ሪፍሬሽ በሉት።

ምልክት፦ የማይገናኙ ሁለት ነገሮች አንድ ላይ ተቆጠሩ

ዓምዶቹን አጣብቆ በመቁጠር የሚመጣ ነው። ማውረጃ 1 እና ጀልባ 12 ሲጣበቁ 112 ይሆናሉ፤ ማውረጃ 11 እና ጀልባ 2ም 112 ናቸው። በመካከላቸው መዝገቡ ውስጥ የሌለ ምልክት፣ ለምሳሌ | አስገቡ።

ምልክት፦ በወር ሲቆጠር ወሩ ይሳሳታል

ኤክሴል የእኛን ዘመን አቆጣጠር አያውቅም። ጥቅምት 30ን «30/2/2016» ብላችሁ ስታስገቡ 2ን የፈረንጅ የካቲት አድርጎ ያየዋል፤ እነሱ ዘንድ 30 የሚባል የካቲት ስለሌለ ተራ ጽሑፍ ሆኖ ይቀራል። ጳጉሜን 5 ይብሳል፦ ወር በሚያስቀድም ኮምፒውተር ላይ «5/13/2016» ሜይ 13 ይሆናል። ከገባ በኋላ ዓምዱን ወደ ቴክስት መለወጥ አያድንም፤ 42503 የሚል ቁጥር ታገኛላችሁ። ቀን፣ ወርና ዓመትን በሦስት ዓምድ ለዩና የወሩን ስም በፊደል ጻፉ።

ምልክት፦ ፋይሉ ሲከፈት አማርኛው የለም

እዚህ ላይ ሁለት የማይመሳሰሉ ብልሽቶች አሉ። በፊደሉ ፋንታ የጥያቄ ምልክት ብቻ ከተደረደረ ፋይሉ ዩቲኤፍ-8 ባልሆነው ተራ ሲኤስቪ (ዓምዶቹ በኮማ የሚለዩበት የጽሑፍ ፋይል) ተቀምጧል፤ ፊደሉ ጠፍቷል፣ ከዚያ ፋይል አይመለስም። ወደ ዋናው የኤክሴል ፋይል ተመልሳችሁ ሴቭ አዝ ላይ «ሲኤስቪ ዩቲኤፍ-8» የሚለውን ምረጡ። ያ ምርጫ በሌለው አሮጌ ኤክሴል «ዩኒኮድ ቴክስት» ይሠራል።

የሚታየው የተመሰቃቀለ የላቲን ፊደልና ምልክት ከሆነ ግን ፋይሉ ጤነኛ ነው፣ የተሳሳተው አከፋፈቱ ነው። ከጎግል ሺትስ የወረደ ፋይል ሁለቴ ጠቅ ሲደረግ ብዙ ጊዜ እንዲህ ይሆናል። ሴቭ ሳትሉ ዝጉት፤ ከዳታ ምናሌ ፍሮም ቴክስት ገብታችሁ ፋይል ኦሪጅን ላይ 65001ን (ዩቲኤፍ-8ን) ምረጡ።

ፒቮቱን ወደ ሲኤስቪ ከመቀየራችሁ በፊት ሪፖርት ሌይአውት ላይ ታቡላር ፎርምንና ሪፒት ኦል አይተም ሌብልስን አብሩ፤ ያለዚያ «ዘጌ» የሚለው የመጀመሪያው ረድፍ ላይ ብቻ ይጻፋል። ንዑስ ድምሮችንና ጠቅላላ ድምሩን አጥፉ፤ ፋይሉን የሚቀበለው ሰው እንደ መረጃ ደምሮ ቁጥሩን ያበዛዋል። ሲኤስቪ የሚያስቀምጠው ፊት ለፊት የተከፈተውን ሺት ብቻ መሆኑንም አትርሱ።

በፓይተን የፕሮግራም ቋንቋ ለምትቆጥሩ፦ በዊንዶውስ ላይ ከየረድፉ ቀጥሎ ባዶ ረድፍ ከመጣ ፋይሉ ሲከፈት ኒውላይን ባዶ እንዲሆን አልተነገረም። ፐርሚሽን ዲናይድ ካለ ፋይሉ ኤክሴል ላይ ተከፍቶ ነው፤ ዝጉት። ፕሮግራሙ በሮጠ ቁጥር ውጤቱ እየተደራረበ የሚረዝም ከሆነ ፋይሉ የሚከፈተው በመጨመሪያው በኤ ሞድ ነው፤ ወደ ደብሊው ለውጡትና የፋይሉ ስም ላይ ወሩን ጨምሩበት፣ አለዚያ የጥቅምቱ የመስከረሙን ይደመስሰዋል።