ቦይለራችሁ ውሃ ያፈሳል? አዲስ ከመግዛታችሁ በፊት ሶፍት ያዙ

ከቦይለሩ ሥር ውሃ ተኝቶ ካገኛችሁ፣ መጀመሪያ የምትነኩት ቦይለሩን ሳይሆን ብሬከሩን ነው። አውርዱት። ቦይለሩ ላይ ያለውን ማብሪያ ማጥፋት ብቻ አይበቃም። ብሬከሩ ራሱ እየዘለለ አስቸግሮ ከነበረ ደግሞ ውሃው ሽቦ ጋ ደርሶ ሊሆን ስለሚችል፣ እዚህ ላይ አቁማችሁ የኤሌክትሪክ ባለሙያ ጥሩ።

ቀጥሎ ከየት እንደሚያፈስ መፈለግ ነው፤ ብዙ ሰው የሚከስረው እዚህ ላይ ነው። እኔ ቤት የመጣው ባለሙያ ቀና ብሎ አየና «ታንከሩ ተበልቷል፣ አዲስ ግዙ» ብሎኝ ሄደ፤ ኋላ ራሴ ስፈትሸው የፍሌክሲብሉ፣ ማለትም ቦይለሩን ከቧንቧው ጋር የሚያገናኘው ተጣጣፊ ቱቦ፣ ጎማ ሆኖ ተገኘ። ሁሉንም በጨርቅ አድርቁና መገጣጠሚያዎቹን አንድ በአንድ በደረቅ ሶፍት ንኩ። ውሃ ቧንቧውን ተከትሎ ስለሚወርድ፣ የሚንጠባጠብበትና የሚያፈስበት ቦታ ላይገጥም ይችላል። ስለዚህ ከላይ ጀምሩ።

ሶፍቱ ፍሌክሲብሉ ጋ ከረጠበ እድለኛ ናችሁ። የቀዝቃዛውን ውሃ መዝጊያ ዝጉ፣ የሙቅ ውሃ ቧንቧ ከፍታችሁ ግፊቱን አስተንፍሱ፣ ውሃው እስኪበርድ ጠብቁ። ከዚያ ፍቱና ጎማውን ቀይሩ። በጥርስ የሚገጥም ከሆነ አሮጌውን ቴፍሎን (ጥርሱ ላይ የሚጠቀለለውን ነጭ ቴፕ) ጠርጋችሁ አዲስ ጠቅልሉ፣ ከ10 እስከ 15 ዙር፣ ወደሚጠብቅበት አቅጣጫ። በተቃራኒው ከጠቀለላችሁት ስታጠብቁት ይተረተራል። በእንግሊዝ ቁልፍ ያለ ልክ አትታገሉት፣ ጎማው ይቆረጣል።

ሰማያዊው ቀለበት ጋ፣ ማለትም ቀዝቃዛው በሚገባበት፣ የተገጠመችው ትንሽ ዕቃ ሴፍቲ ቫልቭ ትባላለች። ቦይለሩ ሲሞቅ ብቻ ጠብ ጠብ ካለች ጤነኛ ናት፤ ውሃ ሲሞቅ ይሰፋል፣ 50 ሊትር ቦይለር ከ15 ወደ 70 ዲግሪ ሲሄድ ወደ 1 ሊትር ትርፍ ውሃ አለው፤ መውጫው እሷ ናት። ቀዳዳዋን በማስቲሽ ወይም በእንጨት የደፈነ ሰው አይቻለሁ፣ እባካችሁ አታድርጉት፣ ታንከሩ ሊፈነዳ ይችላል! ትንሽ ቱቦ አስገቡና ውሃው ወደ ፍሳሹ ይውረድ። ሳይሞቅም ቀን ከሌት የምታፈስ ከሆነ ግን መያዣዋን ሁለት ሦስቴ አንሱና መልሱ፣ ውስጧ የገባ ቆሻሻ ሊወጣ ይችላል። ካልተሻላት ቀይሯት፤ ላይዋ የተጻፈውን የግፊት ቁጥር አይታችሁ ያንኑ ግዙ። ሌሊት ብቻ የምታፈስም አለች፤ ሰው ሲተኛ የመስመሩ ግፊት ስለሚጨምር ነው፣ መፍትሔው ዋናው መስመር ላይ ግፊት መቀነሻ ማስገባት ነው።

ውሃው ከታችኛው ክዳን ውስጥ የሚመጣ ከሆነ የሬዚስታንሱን፣ ማለትም ውሃውን የሚያሞቀውን ዕቃ፣ ጎማ ጠርጥሩ። እዚህ ታንከሩ ባዶ መሆን አለበት፤ መዝጊያውን ዘግታችሁ፣ የሙቅ ውሃ ቧንቧውን አየር እንዲያስገባ ከፍታችሁ፣ በሴፍቲ ቫልቩ በኩል አራግፉ። ሽቦዎቹን ከመንቀላችሁ በፊት በስልክ ፎቶ አንሱ። አንዴ ከተከፈተ የተጋገረውን ነጭ ዝቃጭ ጥረጉ፣ የማግኒዚየሙን ዘንግም እዩት፤ ተበልቶ ካለቀ ቀይሩት፣ ታንከሩን ከዝገት የሚያድነው እሱ ነው። ስትመልሱ ብሎኖቹን በሰያፍ፣ ተራ በተራ አጥብቁ።

ሁሉም መገጣጠሚያ ደረቅ ሆኖ ከቆርቆሮው ስፌት የዛገ ውሃ ከወረደ ታንከሩ በስብሷል። ያኔ ባለሙያው እውነቱን ነው፣ አዲስ ግዙ። እንበይደው የሚላችሁን አትስሙ፤ የውስጡ ሽፋን በእሳቱ ይሰነጠቅና በሌላ በኩል ይበሳል።

ሲያልቅ የሙቅ ውሃ ቧንቧውን ከፍታችሁ ሙሉት። አየሩ ወጥቶ ውሃው ሳይቆራረጥ እስኪወርድ ብሬከሩን እንዳታነሱ፣ ሬዚስታንስ ያለ ውሃ ይቃጠላል። ማታ ያጠበቃችሁት ቦታ ላይ ሶፍት ጠቅልላችሁ ተኙና ጠዋት እዩት።